ጥያቄውን የሚያሻግር ስዊች፦ ምክር ለጀማሪ የኔትወርክ ባለሙያ

ልጄ፣ የመሥሪያ ቤትህን ኔትወርክ በቪላን ከፋፍለህ አድራሻ የሚያድለውን የዲኤችሲፒ ሰርቨር አንድ ቦታ ላይ ማድረግህ ደግ ሥራ ነው። በየቪላኑ ሰርቨር ማቆም ወጪም ጣጣም አለው። አሁን የቀረህ ስዊቹ የኮምፒውተሮቹን ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ እንዲያሻግር ማዘዝ ነው። ትእዛዙ አንድ መስመር ናት፤ መልእክቱ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን መንገድ ካላወቅህ ግን ያቺ አንድ መስመር እንቅልፍ ታሳጣሃለች።

1. ጥያቄው በራሱ ለምን እንደማያልፍ እወቅ። ገና የተከፈተ ኮምፒውተር የራሱ አድራሻ የለውም፤ የሰርቨሩንም አያውቅም። ስለዚህ በ255.255.255.255 ሁሉንም ይጣራል። በግቢ ውስጥ የተጣራ ሰው ድምፁ ከአጥሩ ሳያልፍ እንደሚቀር፣ ይህም ጥሪ ከቪላኑ አይወጣም። መሀል ገብቶ የሚያሻግር ወኪል (ሪሌይ) የማቆም ሐሳብ ከዲኤችሲፒ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ቡትፒ በተባለው ፕሮቶኮል ውስጥ ነበር።

2. ትእዛዙን ጠያቂዎቹ ባሉበት ቪላን ላይ ጻፍ። በሲስኮ ስዊች ኢንተርፌስ ቪላን 20 ውስጥ ገብተህ “አይፒ ሄልፐር አድሬስ” ትልና የሰርቨሩን አድራሻ ታስከትላለህ። ሰርቨሩ ባለበት ቪላን ላይ ቢጻፍ ምንም አይረባም።

3. ከሁሉ በላይ ጂአይአድርን ተረዳ። ስዊቹ ጥሪውን ተቀብሎ ለሰርቨሩ ሲልክ፣ በመልእክቱ ውስጥ ጂአይአድር በሚባለው ቦታ የዚያን ቪላን የራሱን አድራሻ ይሞላል፤ 10.10.20.1 ነው እንበል። ሰርቨሩ ከዚህ ቁጥር ሁለት ነገር ያነባል። አንደኛው ከየትኛው ስኮፕ (የአድራሻ ክልል) እንደሚሰጥ ነው፤ ለ10.10.20.0 ስኮፕ ካላዘጋጀህለት ጥያቄውን በዝምታ ያልፈዋል። ሁለተኛው መልሱን ወዴት እንደሚልክ ነው፤ የሚልከው ወደዚያው 10.10.20.1 ነው። ሰርቨሩ ወደዚያ የሚያደርስ ራውት ከሌለው ጥያቄው በደህና ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ይቀራል። የዊንዶውስ ኮምፒውተር በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ሰጥቶ ካገኘኸው፣ የስዊቹን ትእዛዝ ደጋግመህ ከመጻፍህ በፊት ሰርቨሩ ላይ ተቀምጠህ 10.10.20.1ን ፒንግ አድርግ። ብዙው ችግር እዚያ ይገኛል።

4. ፋየርዎሉን ለስዊቹ ብቻ አትክፈት። ዩዲፒ 67 እና 68 ማለፍ አለባቸው። አድራሻው የተሰጠበት የሊዝ ጊዜ ሲጋመስ ኮምፒውተሩ እድሳት የሚጠይቀው ራሱ ሰርቨሩን በቀጥታ ነው፤ ወኪሉን አያማክርም።

5. ሄልፐር ከምትጠብቀው በላይ ያሻግራል። በሲስኮ አይኦኤስ ከዲኤችሲፒ ሌላ የዲኤንኤስ፣ የቲኤፍቲፒና የኔትባዮስ ብሮድካስቶችም አብረው ይሄዳሉ። የማያስፈልግህን “ኖ አይፒ ፎርዋርድ ፕሮቶኮል ዩዲፒ” ብለህ የፖርቱን ቁጥር በመጨመር ዝጋው።

6. ሐሰተኛ ሰርቨርን ጠብቅ። አንድ ሠራተኛ ከቤቱ ያመጣውን የዋይፋይ ራውተር ግድግዳው ላይ ቢሰካ፣ ያ ዕቃ በቪላኑ ውስጥ አድራሻ ማደል ሊጀምር ይችላል፤ ቅርብ ስለሆነም መልሱ ከእውነተኛው ሰርቨር ሊቀድም ይችላል። ሪሌይ ከዚህ አያድንህም። ዲኤችሲፒ ስኑፒንግን አብራና ወደ ሰርቨሩ የሚወስደውን ፖርት ብቻ የታመነ አድርግ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፦ ስኑፒንግ የበራበት የታችኛው ስዊች በጥያቄው ላይ ኦፕሽን 82 የተባለውን መረጃ ይጨምራል፤ ጂአይአድሩ ግን ገና ዜሮ ነው። ይህን የሚቀበለው የላይኛው የሲስኮ ስዊች ካልታዘዘ በቀር ጥያቄውን ይጥለዋል። ወይ ታች ኦፕሽኑን አጥፋ፣ ወይ ላይ እንዲታመን እዘዝ።

7. ሁሉም ሲሠራ የትኛው ቪላን ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚጠቁም ጽፈህ አስቀምጥ። ሰርቨሩ አድራሻ የቀየረ ዕለት በየስዊቹ ያለችው መስመር ሁሉ መለወጥ አለባት፤ ያን ጊዜ አንተ ሌላ ቦታ ልትሠራ ትችላለህ። አደራህን፣ ለሚተካህ ሰው ጻፍለት።