ድምፁ የት ቀረ?
(ጌም፣ ሞኒተርና ስፒከር ስለማገናኘት የተዘጋጀ ትምህርት)

ይህ ርእስ ለመምህራን ማሠልጠኛ ግድግዳ ጋዜጣ የሚስማማ መስሎ ላይታያችሁ ይችላል። «ደግሞ ስለ ጌም ሊጻፍልን ነው?» የሚል አይጠፋም። ሆኖም እስከ መጨረሻው ታግሣችሁ አንብቡት። በጋምቤላ ከተማ ወጣቱ ከሰዓት በኋላ በሚሰበሰብበት ፕሌይስቴሽን ቤት የሚያጋጥመው ችግርና ነገ እኛ በምናስተምርበት ክፍል የሚያጋጥመን ችግር ዘመዳሞች ናቸው። በሁለቱም ቦታ ሥዕሉ ይታያል፤ ድምፁ ግን ሰሚው ዘንድ አይደርስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ፕሌይስቴሽን ይገዛል። ቴሌቪዥን ስለሚወደድበት ያገለገለ የኮምፒዩተር ሞኒተር በርካሽ ፈልጎ ያገናኛል። ተጫዋቾቹ ሜዳው ላይ ይሮጣሉ፣ ጎል ይገባል፣ ድምፅ ግን ጭጭ! ወዲያው «ማሽኑ ተበላሽቷል» ይባልና ወደ ጥገና ይሄዳል፤ ገንዘብም ይወጣል። ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም። ድምፁ መንገድ አጥቶ ነው።

1. ሥዕልና ድምፅ ሁለት መንገደኞች ናቸው

ሥዕልና ድምፅ ከአንድ ማሽን ቢነሡም ሁልጊዜ አብረው አይጓዙም። አንዳንዱ ገመድ ሁለቱንም ይሸከማል፤ አንዳንዱ ሥዕልን ብቻ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ድምፅ ሲጠፋ የምንጠይቀው ሦስት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ድምፁ ከማሽኑ የሚወጣው በየትኛው ቀዳዳ ነው? ሁለተኛ፣ የሚሄድበት ገመድ ድምፅ ይሸከማል ወይ? ሦስተኛ፣ መጨረሻው ላይ ድምፁን የሚያሰማ ስፒከር አለ ወይ? ባጭሩ መውጫ፣ መንገድ፣ መድረሻ ማለት ነው።

አሁን ገመዶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ሀ) ባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ፦ ቢጫው ሥዕል ይወስዳል፤ ነጩ የግራውን ድምፅ፣ ቀዩ የቀኙን ድምፅ ይወስዳል። የዚህ መሰኪያ ስም አር ሲ ኤ ነው፤ ስሙም ሬዲዮ ኮርፖሬሽን ኦፍ አሜሪካ ከተባለው ኩባንያ የመጣ ነው።

ለ) ቪ ጂ ኤ፦ 15 ቀጫጭን እግሮች ያሉት፣ በብዛት ሰማያዊ የሆነው የኮምፒዩተር ገመድ ነው። ሥዕል እንጂ ድምፅ አይወስድም።

ሐ) ዲ ቪ አይ፦ ሰፋ ያለ፣ ብዙ እግሮች ያሉት ነው። ይህም ለሥዕል የተሠራ ስለሆነ በተለመደው አገናኝ ድምፅ አይጠበቅበትም።

መ) ኤች ዲ ኤም አይ፦ ጠፍጣፋው መሰኪያ ነው። ሥዕልንም ድምፅንም በአንድ ላይ ይሸከማል።

ሠ) የኤርፎን መሰኪያ፦ ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። የሚወስደው ድምፅ ብቻ ነው። በተለመደው ባለ ሦስት ክፍል መሰኪያ ጫፉ የግራ፣ መካከለኛው ቀለበት የቀኝ፣ የታችኛው ክፍል ደግሞ የሁለቱ የጋራ መመለሻ ነው። መሰኪያው እስከ መጨረሻው ካልገባ በአንድ ጎን ብቻ የሚሰማው ወይም የሚንኮሻኮሸው ለዚህ ነው።

2. የድሮው ማሽን

ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣ ማሽን ነው። አብሮት የሚመጣው ገመድ ባለ ሦስት ቀለሙ ነው። ቴሌቪዥን ካለ ሥራው ቀላል ነው፤ ቀለምን ከቀለም ማጋባት ብቻ። ሞኒተር ሲሆን ግን ቢጫው የሚሰካበት ቦታ የለም። ስለዚህ ሥዕሉን ወደ ቪ ጂ ኤ የሚለውጥ ትንሽ ሳጥን ያስፈልጋል። ነጩና ቀዩ ግን ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ድምፁ ያለው እነዚያ ላይ ነው!

እንግዲህ ነጩንና ቀዩን ወደ ኮምፒዩተር ስፒከር መውሰድ አለብን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር አለ። የማሽኑ ገመድ ጫፍ ወንዴ ነው፤ የስፒከሩም ገመድ ጫፍ ወንዴ ነው። ወንዴ ከወንዴ አይሰካም። የሚያስፈልገው በአንድ ወገን ሁለት የአር ሲ ኤ ሴቴ፣ በሌላው ወገን አንድ የ3.5 ሚሊ ሜትር ሴቴ ያለው ማገናኛ ነው። ሱቅ ስትሄዱ «ማገናኛ ስጠኝ» ብቻ ብትሉ የማይሆን ነገር ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ሁለቱንም የገመድ ጫፎች ይዞ ሄዶ እዚያው መሰካትና ማየት ይሻላል።

ነጩን ብቻ ሰክቶ ቀዩን መተውም አይገባም። ከቀኝ በኩል ብቻ እንዲሰማ የተደረገ ድምፅ ካለ ጨርሶ ይጠፋል።

3. አዲሱ ማሽን

ፕሌይስቴሽን 4 በ2013 እ.ኤ.አ.፣ ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። በእነዚህ ላይ ባለ ሦስት ቀለሙ መውጫ ቀርቷል፤ ሥዕልና ድምፅ በኤች ዲ ኤም አይ ይወጣሉ። ሞኒተሩ ስፒከር ካለው ነገሩ አለቀ። ከሌለው አራት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው መንገድ ሞኒተሩን ዞር አድርጎ ማየት ነው። የኤች ዲ ኤም አይ መግቢያ ያላቸው ብዙ ሞኒተሮች ከኋላ ወይም ከጎን የኤርፎን ቀዳዳ አላቸው። ሞኒተሩ ራሱ ስፒከር ባይኖረውም በገመዱ የመጣለትን ድምፅ በዚያ ቀዳዳ ያወጣዋል። የስፒከሩን መሰኪያ እዚያ መሰካት ነው፤ ምንም ወጪ የለውም። ጥንቃቄ፦ አንዳንድ ሞኒተር ላይ ያለው ቀዳዳ መውጫ ሳይሆን ከኮምፒዩተር ድምፅ መቀበያ ነው። ከአጠገቡ ያለውን ምልክት አንብቡ።

ሁለተኛው መንገድ ጆይስቲኩ ነው። የፕሌይስቴሽን 4ም ሆነ የ5 ጆይስቲክ የኤርፎን ቀዳዳ አለው። እዚያ ከሰካችሁ በኋላ ማሽኑ ውስጥ ገብታችሁ ድምፅ ሁሉ ወደ ኤርፎን እንዲሄድ ማዘዝ አለባችሁ። ያለበለዚያ የጓደኛ ንግግር ብቻ እየሄደ የጨዋታው ድምፅ ሊቀር ይችላል። የዚህ መንገድ ጉድለት ገመዱ ከተጫዋቹ እጅ ጋር መጎተቱ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ድምፅ ለይቶ የሚያወጣ ሳጥን ነው። ኤች ዲ ኤም አይ በአንድ በኩል ይገባል፤ ሥዕሉ ወደ ሞኒተር ያልፋል፣ ድምፁ በኤርፎን ቀዳዳ ወይም በቀይና ነጭ ይወጣል። ሞኒተሩ ቪ ጂ ኤ ብቻ ካለው ደግሞ ከኤች ዲ ኤም አይ ወደ ቪ ጂ ኤ የሚለውጠውን ስትገዙ የድምፅ ቀዳዳ ያለውን ምረጡ፤ የሌለውም ይሸጣልና። ሳጥኑ ተሰክቶም ድምፅ ካልመጣ ማሽኑ ውስጥ የድምፅ ዓይነቱን ሊኒየር ፒ ሲ ኤም ወደሚለው ለውጡት። ብዙዎቹ ርካሽ ሳጥኖች ሌላውን ዓይነት መፍታት አይችሉም።

አራተኛው መንገድ ድምፅንም በዩ ኤስ ቢ የሚቀበል ስፒከር ወይም ኤርፎን መሰካት ነው። ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ርካሽ ስፒከሮች የዩ ኤስ ቢ መሰኪያ ቢኖራቸውም በእሱ የሚቀበሉት 5 ቮልት ኃይል ብቻ ነው፤ ድምፁን የሚፈልጉት በኤርፎን መሰኪያቸው ነው። «ብሉቱዝ ስፒከር አለኝ» ለሚለው ደግሞ፣ ሁለቱም ማሽኖች ተራውን ብሉቱዝ ስፒከር በቀጥታ አይቀበሉም። እሱን ከሞባይላችሁ ጋር ተጠቀሙበት።

4. ስፒከርና ስፒከር ይለያያል

የኮምፒዩተር ስፒከር በውስጡ ድምፅ ማጉያ አለው፤ ኃይል የሚፈልገውም ለዚህ ነው። ከአሮጌ ቴፕ የተፈታ ባዶ ስፒከር ግን ማጉያ የለውም። ከኤርፎን ቀዳዳ ጋር ብታገናኙት የትንኝ ያህል ድምፅ ቢሰማ ነው። በተቃራኒው ደግሞ የአንድ ትልቅ ማጉያ የስፒከር መውጫ ወደ ሌላ ማጉያ መግቢያ አይገባም፤ ያቃጥለዋል።

የግድግዳው መብራት 220 ቮልት ነው። ገመድ ስትነቅሉና ስትሰኩ ማሽኑን አጥፉ። ስፒከሩን ከፍቶ ውስጡን መነካካት የባለሙያ ሥራ ነው። መብራት ሲጠፋም ዕቃዎቹን ከሶኬቱ ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ተረጋግቶ እስኪቆይ ጠብቁ። ነጎድጓድ ሲኖርም እንዲሁ።

5. ድምፅ ሲጠፋ በቅደም ተከተል

«አልሠራም» ከማለት በፊት ይህን ተከተሉ።

1ኛ/ ስፒከሩን ከሞባይል ጋር አገናኝታችሁ ሞክሩ። ከተሰማ ስፒከሩ ደኅና ነው።
2ኛ/ ኤርፎን በማሽኑ ወይም በሞኒተሩ የድምፅ መውጫ ላይ ሰክታችሁ አዳምጡ። ከተሰማ መውጫው ደኅና ነው።
3ኛ/ ሁለቱም ደኅና ከሆኑ ጥፋቱ መካከል ላይ ነው፤ ገመዱን ወይም ማገናኛውን ለውጡ።
4ኛ/ መውጫው ላይ ካልተሰማ በማሽኑና በሞኒተሩ ውስጥ ያለውን የድምፅ መጠንና ምርጫ ተመልከቱ።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሦስቱን አንድ ላይ የለወጠ ሰው ድምፁ ቢመጣለት እንኳ የትኛው እንዳመጣው አያውቅም።

6. ይህ ለመምህር ምን ይረባዋል?

አሁን ወደ ክፍላችን እንግባ። በክልላችን ብዙ ሕፃናት አፋቸውን የፈቱት በአኝዋሃ፣ በኑዌር፣ በማጃንግ፣ በኦፖ ወይም በኮሞ ቋንቋ ነው። አማርኛንና እንግሊዝኛን የሚማሩት በጆሯቸው ነው። የአማርኛ ፊደል ደግሞ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ላይ የሚዋኘው ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ተቀዳሚው ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ይላል፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ይህን ልዩነት ከሰሌዳ ላይ ማንበብ አይቻልም። መስማት የግድ ነው።

እንግዲህ መምህሩ በሞባይሉ የቀዳውን ንባብ በሞባይሉ ስፒከር ብቻ አሰማ እንበል። በገላጣ ቦታ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የድምፅ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ጥቂት ቢያግዝም ዛፍ ሥር ስናስተምር የሚያግዝ የለም። ፊት የተቀመጠው ልጅ «አለ»ን ለይቶ ይሰማል፤ ኋላ ያለው ጉርምርምታ ብቻ ይደርሰዋል። ጥያቄ ሲመጣ ኋላ ያለው ይሳሳታል። መምህሩም ቀይ እስክሪብቶውን አንሥቶ «አያውቅም» ብሎ ያርመዋል። ልጁ ግን አልሰማም እንጂ አላወቀም አይባልም! በዚህ ዓይነት ዓመቱን ሙሉ «ደካማ» ሲባል የሚቆይ ልጅ ትምህርት ቢያስጠላው ምን ይገርማል?

የፕሌይስቴሽኑ ባለቤት ደኅናውን ማሽን «ተበላሽቷል» እንዳለ ሁሉ፣ መምህሩም ደኅናውን ልጅ «አይገባውም» አለ። ሁለቱም መንገዱን ሳይመረምሩ መድረሻውን ኰነኑ።

ትምህርትን በመሣሪያ መስጠት ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ትምህርት ተጀምሮ ነበር። እኛ ግን ነገ በቀበሌ ትምህርት ቤት ያን የመሰለ ዕቃ ላናገኝ እንችላለን። አንድ ሞባይል፣ አንድ ጥንድ የኮምፒዩተር ስፒከርና አንድ የ3.5 ሚሊ ሜትር ገመድ ግን ከተገኘ የማዳመጥ ትምህርት ይካሄዳል። ስፒከሩ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ በተማሪው ጆሮ ከፍታ ልክ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ድምፁ እስኪቆራረጥ አይጩኽ፤ የተቆራረጠ ድምፅ የጠበቀውን ከላላው ያደባልቃል። ማጫወት ከተጀመረ በኋላ መምህሩ ራሱ ተነሥቶ ወደ መጨረሻው ወንበር ይሂድና ከዚያ ያዳምጥ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ከዝናቡ ጋር መታገል ዋጋ የለውም። ማዳመጡን አቁሞ የጽሑፍ ሥራ መስጠት ይሻላል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በቪ ጂ ኤ ገመድ ብቻ የተገናኘ ሞኒተር ድምፅ የማያሰማው ለምንድን ነው?
2. የፕሌይስቴሽን 2ን ድምፅ ወደ ኮምፒዩተር ስፒከር ለመውሰድ ምን ዓይነት ማገናኛ ያስፈልጋል? ሥዕል ሥራችሁ አሳዩ።
3. ስፒከሩ ከሞባይል ጋር ይሠራል፤ ከሞኒተር ጋር ግን አይሠራም። ቀጥሎ ምን ትመረምራላችሁ?
4. ሲጠብቁና ሲላሉ ትርጉማቸው የሚለወጥ አምስት የአማርኛ ቃላት ፈልጉ። በሞባይል ቀድታችሁ ክፍል ውስጥ አሰሙና፣ ፊትና ኋላ የተቀመጡት ጓደኞቻችሁ የጻፉትን አወዳድሩ። ውጤቱ ከተለያየ፣ የጓደኞቻችሁን ዕውቀት ከመጠራጠራችሁ በፊት የድምፁን መንገድ መርምሩ።