የዱር ዛፍ ዘር ስለምትዘራው የሌሊት ወፍ

የሌሊት ወፍ፥ ወፍም አይጥም አይደለችም እየተባለች በሕዝብ ዘንድ ስትናቅና ስትፈራ ኖራለች። ነገር ግን ዱርን የመጠበቅ ኀላፊነት ያለባቸው ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች ሥራዋን መርምረው ሊያውቁ ይገባል። ከብዙዎቹ ዓይነቶች አንዲቱ፥ ሊቃውንት ኤይዶሎን ሔልቩም የሚሏት ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ናት።

መልኳ እንደ ገለባ ቢጫማ ነው፤ ክንፎቿ ሲዘረጉ እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ከሰሐራ በረሓ በስተ ደቡብ ባለው በብዙው የአፍሪካ ክፍል ትገኛለች፤ በኢትዮጵያም ታይታለች። ቀን በታላላቅ ዛፎች ላይ ከብዙ ባልንጀሮቿ ጋር ተንጠልጥላ ትውላለች፤ ሲመሽም ፍሬና አበባ ፍለጋ ትሠማራለች። በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በዛምቢያ፥ በካሳንካ ብሔራዊ ፓርክ፥ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ይሰበሰባሉ።

ጥቅሟ ይህ ነው። የዋጠችውን ጥቃቅን ዘር በሩቅ ስፍራ ትጥላለች፤ በጋና የተደረገ ምርመራ እስከ 75 ኪሎ ሜትር ልታደርሰው እንደምትችል አሳይቷል። ብዙ የዱር እንስሳት ገላጣ መሬት ለመሻገር ሲፈሩ፥ እርሷ ግን ተሻግራ በተመነጠረው ስፍራ ትዘራለች። በምዕራብ አፍሪካ ጣውላው የከበረው የኢሮኮ ዛፍም ዘሩ በእርሷ ይበተናል።

ይሁን እንጂ ቍጥሯ እየቀነሰ ስለ ሄደ፥ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ለአደጋ ከተቃረቡት ጋር መዝግቧታል። ምክንያቱም ለሥጋ መታደኗና የምታድርበት ዛፍ መቈረጡ ነው። በጋና ብቻ በዓመት ከ128,000 የማያንሱ እንደሚሸጡ በ2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ገልጿል። በዓመት አንድ ግልገል ብቻ ስለምትወልድ የጠፋው ቶሎ አይተካም።

ባላገሩ ፍሬዬን ትበላብኛለች፥ በሽታም ታመጣብኛለች ሲል ያለ ምክንያት አይደለም። የበሰለ ፍሬ ትወዳለች፤ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር የሚዛመድ ቫይረስም በ1956 ዓ.ም. በናይጄሪያ ተገኝቶባታል። መድኀኒቱ ግን መግደል አይደለም፤ የሚገድላትና የሚያርዳት ሰው ለደሟና ለንክሻዋ ይበልጥ ይጋለጣልና።

ስለዚህ ሹማምንት የሚከተለውን ለሕዝብ ያስረዱ።

1ኛ፤ የሌሊት ወፎች የሚሰበሰቡባቸው ዛፎች እንዳይቈረጡ፥ ከሥራቸውም እሳት እንዳይነድ ይጠበቅ።

2ኛ፤ የአትክልት ባለቤት ፍሬውን ፈጽሞ ሳይበስል ይልቀም፥ ወይም ዛፉን በመረብ ይሸፍን።

3ኛ፤ ማንም በባዶ እጁ አይንካት። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና አጥቦ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ለተራቈተ ተራራ ችግኝ ለማፍላት ብዙ ገንዘብና ጕልበት ይወጣል። ይህች ፍጥረት ግን ያለ ደመወዝ ትዘራለችና፥ ማደሪያዋን መጠበቅ ዱሩን መጠበቅ ነው።