በፈረንሳይኛ የተጻፈችውን አፍሪካ ለምታጠኚ ልጄ

በፈረንሳይኛ የሚጻፈውን የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ላጥና ብለሽ መነሣትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን ከእነዚህ መጻሕፍት ጋር ፈጅቻለሁና ጥቂት ልምከርሽ።

1. ልብ ወለዱ ይቅደም፤ ትንታኔው ይደርሳል። ስለ መጽሐፉ የተባለውን ሁሉ አንብቦ መጽሐፉን ያልገለጠ ተማሪ ሞልቷል።

2. የማሪያማ ባን «እጅግ ረጅም ደብዳቤ» (እ.ኤ.አ. 1979) ቀስ ብለሽ አንብቢ። ባሏ የሞተባት ራማቱላይ ዳካር ላይ ሐዘን ተቀምጣ ለጓደኛዋ ለአይሳቱ ትጽፋለች። ብዙ ሰው «በሚስት ላይ ሚስት ማግባትን የሚቃወም መጽሐፍ» ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ይህ አይዋጥልኝም። ለቀስተኛው የሚሰጠውን ገንዘብ ተከታተዪ፦ ጠቅልለው የሚወስዱት የባል ዘመዶች ናቸው፣ ሚስት ባዶ እጇን ትቀራለች። አይሳቱ ደግሞ የአንጥረኛ ልጅ ናት፤ አማቷ የንጉሥ ዘር ነኝ ባይ ስለሆነች ለልጇ ሌላ ሚስት አሳድጋ ዳረችለት። አይሳቱ ትታው ሄደች። ራማቱላይ ግን ባሏ የልጃቸውን ጓደኛ ሲያገባባት ትዳሯን አላፈረሰችም። ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም አስተማሪዎች፤ ታዲያ ምን ለያቸው? ይህን ከጠየቅሽ ስለ ሴኔጋል የዘር ደረጃ፣ ስለ እስልምና የውርስ ሕግ፣ ስለ ከተማ ኑሮ ማንበብሽ አይቀርም። አንጥረኛን መናቅማ እኛም ቤት ነበር፤ እዚህ ላይ ከፓሪሱ አንባቢ ትቀድሚያለሽ።

3. ሴምቤን ኡስማን የማርሴይ ወደብ ወዛደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ትልቁ ልብ ወለዱ በ1947 እና 48 የዳካር–ኒጀር ባቡር ሠራተኞች ስላደረጉት አድማ ነው። የአድማውን ታሪክ ጎን ለጎን ያዢ። ሴቶቹ ከቲየስ እስከ ዳካር በእግር የሚጓዙበት ክፍል ላይ ስትደርሺ የትኛው ከታሪክ፣ የትኛው ከደራሲው እንደመጣ ለዪ። ፊልሞቹንም እዪ፤ ወደ ሲኒማ የዞረው የጻፈላቸው ሰዎች ፈረንሳይኛ ማንበብ ስላልቻሉ ነው። በ1968 «ማንዳቢ»ን በዎሎፍ ሠራ።

4. ማን እንዳሳተመው ሳታዪ አትለፊ። የአህማዱ ኩሩማን የመጀመሪያ ልብ ወለድ የፈረንሳይ አሳታሚዎች አንቀበልም ስላሉት በ1968 ሞንትሪያል ታተመ፤ ፓሪስ ላይ የወጣው በ1970 ነው። እምቢ ያሉት ኩሩማ ፈረንሳይኛውን እንደ ማሊንኬ ቋንቋ ስላስኬደው ነው፤ ዛሬ የሚደነቅበትም ያው ነው።

5. ዳካር ከራቀሽ ጂቡቲ አለች። የአብዱራህማን ዋቤሪን አጫጭር ልብ ወለዶች ሞክሪ፤ ያልገባሽን የሚነግርሽ፣ ጂቡቲ ኖሮ የመጣ ሰው ድሬዳዋ ላይ አታጪም።