ቀና አሳብ እንዴት ይለመዳል?



በሰፈራችን ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ «ኑሮ እንዴት ይዞሃል?» መባባል የተለመደ ነው። መልሱም ከጥያቄው ይልቅ የተለመደ ነው፤ «ምን ኑሮ አለ ብለህ ነው!» እንላለን። ከዚያ በኋላ ጨዋታው በሙሉ ስለ ጎደለው ነገር ይሆናል። የጤፉ ዋጋ፣ የቤቱ ኪራይ፣ የሥራው መጥፋት፣ የታክሲው ሰልፍ በየተራ ይነሣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሐሰት ነው የሚል ቢኖር ገበያ ወጥቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ዳሩ ግን ቀኑን ሙሉ የጎደለውን ብቻ ሲቆጥር የዋለ ሰው ማታ አንድ ገጽ ለማንበብ ወይም እናቱን በሥራ ለማገዝ አቅም ያጣል። ይህንንም እያንዳንዳችን ከራሳችን የምናውቀው ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን። እነርሱም ቀና አሳብ ምን እንዳልሆነ፣ ምን እንደ ሆነ፣ በመጨረሻም በየዕለቱ ኑሯችን እንዴት እንደምንለማመደው ነው።

1. ቀና አሳብ ምን አይደለም?

ቀና አሳብ ችግርን መካድ አይደለም። ሥራ ያጣውን ወንድማችንን «ኧረ ምንም አይደል፣ ፈገግ በል» ብንለው ጭንቀቱን እንዳላየንለት ነገርነው እንጂ አላጽናናነውም።

በዚህ ረገድ እናቶቻችንና አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ አዋቂዎች ናቸው። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው የሚያደርገውን አስተውሉ። ድንኳኑ ውስጥ እንደ ገባ «አይዟችሁ፣ ያልፋል» ብሎ አይጀምርም። አስቀድሞ ያለቅሳል፤ እንባ ባይመጣለትም አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰልስቱ እስኪወጣ ድረስ ጎረቤት ከኀዘንተኛው አይለይም። «ተጽናኑ፣ ለልጆቹ በርቱላቸው» የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ እውነቱ ይታመናል፣ ቀጥሎ መጽናናት ይመጣል። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ማጽናኛው ፌዝ ይሆናል።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች ስለ ደስታ ደጋግሞ የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። እስራቱን ግን አልሸሸገም፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ያነሣዋል። እስራቱና ደስታው በአንድ ደብዳቤ ውስጥ አብረው ተጽፈዋል።

ሁለተኛ፣ ቀና አሳብ ባዶ ምኞት አይደለም። «አንድ ቀን ይሳካልኛል» እያሉ አልጋ ላይ መገላበጥ ለጊዜው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ምኞት እግር የለውምና ተነሥቶ ሥራ አይሠራልንም።

እንግዲህ ቀና አሳብ ማለት የጎደለውን ሳይክዱ የቀረውን መቁጠር፣ ቆጥሮም በቀረው ነገር አንድ ሥራ መጀመር ነው። ለዚህም ስሙን ሁላችን የምናውቀውን አንድ ሰው ምስክር አድርገን እንጥራ።

2. የሻምበል አበበ ቢቂላ ሌላው ሩጫ

አበበ ቢቂላ ሲነሣ ሁላችንም የምናስታውሰው ባዶ እግሩን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ምሽት፣ በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በቶኪዮ ድሉን ደገመው። ያን ጊዜ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ግን ብዙዎቻችን አናወራውም። ጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሦስተኛውን የኦሎምፒክ ማራቶኑን ሲጀምር እግሩን ታሞ ነበር። ውድድሩም የተደረገው በሜክሲኮ ከተማ ነው፤ እኛ በየቀኑ ታክሲ የምንሳፈርበት አደባባይ የሚጠራበት አገር ማለት ነው። አበበ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ፤ የወርቁንም ሜዳሊያ ያገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ደግሞ ቮልስዋገን መኪናውን በሌሊት ሲነዳ በሸኖ አካባቢ አደጋ ደረሰበት። ከአንገቱ በታች ሰውነቱ አልታዘዝ አለው። ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ታከመ። እጆቹ ቀስ በቀስ ዳኑ፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልቆሙም። አደጋው ሲደርስበት ዕድሜው 36 ዓመት ነበር።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስሙም እንጀራውም ክብሩም ከእግሩ የመጣ ሰው እግሩን ሲያጣ ምን ይቀረዋል? የጎደለውን እየቆጠረ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል?

አበበ የታከመበት ሆስፒታል ራሱ ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ የኖረ ቤት ነው። የአከርካሪ ጉዳት ክፍሉን እ.ኤ.አ. በ1944 የከፈተው ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነበር። ከዚያ በፊት አከርካሪው የተጎዳ ሰው ዕድሜ የለውም እየተባለ ሞቱን አልጋ ላይ ይጠብቅ ነበር። ጉትማን ግን በሽተኞቹን ቀስት አስያዛቸው። እ.ኤ.አ. በ1948፣ የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 አካል ጉዳተኞች በዚያው በሆስፒታሉ ግቢ በቀስት ውርወራ ተወዳደሩ። የዛሬው ፓራሊምፒክ የተነሣው ከዚያ ነው። ሐኪሙ እግራቸው እንደማይሠራ ለበሽተኞቹ አልደበቀም፤ የሚሠራውን ክንዳቸውን ግን አሠራው።

አበበም በዚህ መንገድ ሄደ። ሁለት እጆች ቀርተውት ነበርና ቀስት መወርወር ተለማመደ። በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ ተጋብዞ ሄደና በውሾች በሚጎተት የበረዶ ላይ ጋሪ እሽቅድምድም ገብቶ አሸነፈ። በሸዋ ገጠር ተወልዶ ያደገ ሰው በኖርዌይ በረዶ ላይ ውሻ ሲነዳ በዓይነ ልቡናችሁ ተመልከቱት! ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ የሮማው ድል ልክ 12 ዓመት በሞላበት ዕለት፣ በሙኒክ የኦሎምፒክ ማራቶን በክብር እንግድነት ተገኘ። አሸናፊው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ ተሽከርካሪ ወንበሩ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ። አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ መቃብሩም እዚሁ አዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። አበበ አንድም ቀን አላዘነም፣ አላለቀሰም ለማለት አይደለም፤ ልቡን ያየ የለም። እኛ የምናውቀው ያደረገውን ነው። የሠራው ሥራም እግሩን አልመለሰለትም። ያጣው እንዳጣው ቀርቶ፣ በቀረው ደግሞ ሰው ሆኖ ኖረ። ትምህርቱ ይህ ነው።

3. የእኛስ?

«አበበ ታላቅ ሰው ነው፤ እኛ ከእርሱ ጋር ምን አገናኘን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ወደ ሰፈራችን እንመለስ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ሆኑ። ከመቶ ተማሪ ዘጠና ስድስቱ «ወደቀ» የሚለውን ስም ተሸክሞ ቤቱ ገባ ማለት ነው። ይህን የምጽፍላችሁ እኔም ከዘጠና ስድስቱ አንዱ ነበርሁ።

ውጤቱን በስልክ ካየሁበት ዕለት ጀምሮ ሦስት ሳምንት ያህል ከቤት አልወጣሁም። ጎረቤት «ስንት አመጣህ?» እንዳይለኝ ውኃ ለመቅዳት እንኳ ሲመሽ ነበር የምወጣው። ሰንበት ትምህርት ቤትም ቀረሁ። ብዙ ሰው መከረኝ፤ አንዱም ምክር አልገባኝም። እናቴ ግን ምክር አልሰጠችኝም። አንድ ማታ ታናሽ እኅቴ የስድስተኛ ክፍል ሂሳብ ከብዷት ስታለቅስ፣ እናቴ «አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ ከምትተክዝ ይህችን ልጅ አሳያት» አለችኝ። ክፍልፋይ ነበር። በእንጀራ ቆርሼ አሳየኋት፤ ገባት። እኔም የዚያን ማታ የቀረኝን አንድ ነገር አወቅሁ፤ የስድስተኛ ክፍል ሂሳብ አውቃለሁ! የሚያስቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ የሳቅሁት በዚያ ነው። በማግስቱ የጎረቤት ልጅ ተጨመረች፤ በሳምንቱ አራት ሆኑ።

ታሪኬ በድል አያልቅም። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፤ በሙያ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ሥራ እየተማርሁ ነው። «ወደቀ» የሚለው ቃል ዛሬም ሲነሣ ያመኛል። ግን በቀን እወጣለሁ።

4. በየዕለቱ የሚደረግ ልምምድ

ሯጭ በአንድ ቀን ልምምድ ማራቶን እንደማይሮጥ ሁሉ ቀና አሳብም በአንድ ቀን አይገኝም። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ከትንሹ እንጀምር።

ሀ. ንግግራችንን እናርም። «እኔ አልረባም» ማለትና «ይህ ፈተና አልሆነልኝም» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው በሰውየው ላይ ይፈርዳል፤ ሁለተኛው ስለ አንድ ነገር ይናገራል፤ አንድ ነገር ደግሞ ሊስተካከል ይችላል። ለራሳችን የምንናገረውን ለወዳጃችን ልንናገረው የማንደፍር ከሆነ ለራሳችንም አንናገረው።

ለ. ማታ ማታ የቀረውን እንጻፍ። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክካላ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚያመሰግኑበትን ነገር በየሳምንቱ የጻፉ ሰዎች የሚያማርራቸውን ነገር ከጻፉት ይልቅ ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት እንደ ነበራቸው አሳይተዋል። ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ግን በደፈናው «ጤና» ብለን አንለፈው፤ የዛሬውን ነገር በስሙ እንጻፍ። «ጎረቤታችን ቡና ጠራችን፤ እናቴ ሳቀች» ብንል ይሻላል።

ሐ. በቀረው አንድ ሥራ እንጀምር። የምንጀምረው ሥራ ዛሬ የሚያልቅ ይሁን። የሥራ ማመልከቻ አንድ፣ የተበጠሰ ሽቦ አንድ፣ የታመመ ሰው ጥየቃ አንድ። ሥራው ሲያልቅ ልብ ይነሣል። ልባችን እስኪነሣ ሥራውን ከጠበቅን ግን ሁለቱም ይቀራሉ።

መ. ብቻችንን አንቁጠር። የወደቀ ጓደኛ ስናይ መንገድ አንቀይር፤ እኔ ስወድቅ ከሁሉ ይልቅ ያመመኝ ይህ ነበር። ሄደን አጠገቡ እንቀመጥ፤ እንደ ለቅሶ ቤቱ ሥርዓት፣ ምክሩ ይቆየን። ኀዘኑ ለሳምንታት ካልለቀቀው፣ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ወይም መኖር አስጠላኝ ካለ፣ ይህ የአሳብ ስንፍና ሳይሆን ሕመም ሊሆን ይችላልና በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም እንውሰደው። «አማኑኤል ይግባ» የሚለውን የሰፈር ስድብም ከአፋችን እናውጣ፤ እግሩ የተሰበረውን ሆስፒታል ስለ ሄደ የሚሰድበው የለም።

5. ማጠቃለያ

በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን፣ በልደታ፣ በየሰፈሩ ደጅ የሚሆነውን ሁላችን እናውቃለን። እሳት ይነድዳል፣ ድስት ይጣዳል፣ ከየቤቱም ጥሬ ይመጣል። አንዷ ስንዴ፣ አንዷ ባቄላ፣ አንዷ ሽንብራ ታመጣለች። «ሽንብራ የለኝምና አልመጣም» የምትል የለችም፤ እያንዳንዷ ቤቷ ውስጥ ያለውን ይዛ ትወጣለች። ንፍሮው ሲበስል የማን ቤት ምን እንደ ጎደለ አይታወቅም፤ ሁሉም ይበላል።

ወጣቶች ሆይ፣ እኛም እንዲሁ እናድርግ። የጎደለው እንዳለ ይታወቃል፤ አንክደውም። የቀረንን ግን ይዘን ደጅ እንውጣ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ያዘነን ሰው በማጽናናትና ችግሩን በመካድ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ከኑሯችሁ ምሳሌ ስጡ።

2. አበበ ቢቂላ ከአደጋው በኋላ ከሠራቸው ሥራዎች የትኛው አስገረማችሁ? ለምን?

3. በዚህ ሳምንት ሰው መሸሽ የጀመረ አንድ ጓደኛችሁን አስቡ። በሚመጣው እሑድ ሳይሆን ዛሬ ምን ልታደርጉለት ትችላላችሁ?