ኪኒኑ ያው፣ ክሪስታሉ ሌላ

ብዙዎቻችን መድኃኒትን የምናውቀው በስሙና በሚሊግራሙ ነው። ይሁን እንጂ ስምና መጠን ብቻቸውን በቂ አይደሉም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ አንድ መድኃኒት ሞለኪውሉ ሳይለወጥ ኃይሉ እንዴት ሊደክም እንደሚችል ነው።

የአብዛኛው ኪኒን መድኃኒት ክሪስታል ነው፤ ይኸውም ሞለኪውሎቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ጠጣር ነው። በአንድ ዓይነት ድንጋይ ልል ካብም ጥብቅ ካብም መካብ እንደሚቻል ሁሉ፣ ከአንድ ሞለኪውልም የተለያየ ክሪስታል ይሠራል። ልሉ ቶሎ ይሟሟል፤ ጥብቁ ይዘገያል። ሆድ ውስጥ ያልሟሟ መድኃኒት ደግሞ ወደ ደም አይገባም።

ልሉ ወደ ጥብቁ የሚለወጠው በደረቁ ሲሆን እጅግ በዝግታ ሊሆን ይችላል። አሟሚ ፈሳሽ ሲገባበት ግን መንገዱ ይከፈታል። በመጀመሪያ ልሉ ይሟሟል፤ በዚህም ፈሳሹ ከጥብቁ ሊያሟሟ ከሚችለው በላይ ይሸከማል። ትርፉም በጥብቁ ቅርጽ ይረጋል። እንዲህ እያለ ልሉ ያልቃል፣ ጥብቁ ያድጋል። መድኃኒቱን በደንብ የሚያሟሟ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ለውጡን ያፋጥነዋል።

ለዚህ ሪቶናቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአልኮልና በውሃ ሟሙቶ በካፕሱል ለገበያ ቀረበ። በ1998 ግን ቀድሞ ያልታወቀ፣ በጣም ጥቂት ብቻ የሚሟሟ ክሪስታል በካፕሱሉ ውስጥ ረግቶ ተገኘ። ካፕሱሉ ከገበያ ወጣ፤ ሕሙማንም ሌላ ዝግጅት እስኪገኝ ጣዕሙ መጥፎ ወደሆነው ፈሳሽ መዞር ግድ ሆነባቸው።

አንዳንዴም አሟሚው ራሱ ክሪስታሉ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን እርጥበት ሲያገኘው ውሃ ያዘለ ክሪስታል ይሆናል፤ ኪኒኑም ይጠነክራል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳስጠነቀቀው፣ እርጥበት ባለበት ቦታ የተቀመጠ ኪኒን ኃይሉ እስከ ሲሶ ሊቀንስ ይችላል። ለሕመምተኛው ይህ ማለት በሽታው ተመልሶ ሊጥለው ይችላል ማለት ነው።

የሪያድ አየር ደረቅ ነው ብለን መዘናጋት የለብንም። የመታጠቢያ ቤት እንፋሎትና በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ክፍላችንን ያረጥባሉ፤ ሻንጣችንም በጅዳ ወበቅ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ለዘመድ የሐኪም ትእዛዝ ያለው መድኃኒት ስንልክ፣ ቦታ ለመቆጠብ ብለን ኪኒኑን ከማሸጊያው አውጥተን በወረቀት አንጠቅልል። የጠነከረ ወይም የተፈረፈረ ኪኒን ስናይም በራሳችን መጠን ከመጨመር ይልቅ ለፋርማሲ ባለሙያ እናሳይ። የተማርነው ትንሽ ነገር ቢያንስ የወገናችንን መድኃኒት ከእርጥበት ይጠብቅ።