እሹሩሩ ምን ይላል?

ሕፃን ሲያለቅስ እሹሩሩ የማይል የለም። እናት ትላለች። አያት ትላለች። አባትም ሰው ካላየው ይላል። ከሁሉ ይልቅ ግን ብዙ ጊዜ እሹሩሩ ስትል የምትውለው ታላቅ እኅት ናት። ራሷ ገና ልጅ ሆና ሳለ ወንድሟን በአንቀልባ አዝላ ግቢውን ስትዞር ያላየ ሰው በአገራችን አይገኝም።

ዜማውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቃሉን ግን ስንቶቻችን አዳምጠነዋል? ለሕፃን ስናዜም ሐሳባችን ልጁ እንዲተኛ ነው። ሕፃኑም ቃሉን አይለየውም። ስለዚህ ቃሉ ከአፋችን ይወጣል እንጂ ወደ ጆሯችን አይገባም።

እስቲ ዛሬ ቀስ ብለን እንየው። ብዙ ሰው የሚያውቀው እሹሩሩ አጠገብ ያለችውን እናት አይጠራም። የሚጠራው ወደ ሌላ ቦታ የሄደችውን እናት ነው። ቶሎ ተመለሽ ብሎ ይለምናታል። ስትመጣም ለልጇ ወተትና ዳቦ ይዛ እንድትመጣ አደራ ይላታል። ልብ በሉ! እናቲቱ ከቤት የለችም። ሕፃኑ ርቦታል። ያዘለችው ልጅ የምታቀምሰው ነገር የላትም። ያላት ዜማ ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ማስተኛ ነው ወይስ አቤቱታ? እኛ ሁለቱንም ነው እንላለን።

ስለ ሰምና ወርቅ ያልሰማ አንባቢ የለም። ሰሙ ከላይ የሚሰማው ቃል ነው። ወርቁ ውስጥ የተደበቀው ምሥጢር ነው። በእሹሩሩ ግን ወርቁ አልተደበቀም። ፊት ለፊት ተቀምጧል። ያላየነው ስለለመድነው ነው።

ይህን ነገር በጉለሌ ብንመለከተው ይበልጥ ይገባናል። ጉለሌ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ያለ አካባቢ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ መጀመሪያ የተቀመጡት በእንጦጦ ላይ ነበር። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረችና ሰዉ ወደ ቆላማው፣ ወደ ፍልውኃው ወረደ። ከተማው ሲሰፋ በዙሪያው የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተባለ አለቀ። በዚህም ምክንያት ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል። ቢቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ከዚያ ወዲህ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ለብዙ ዘመን የከተማው ማገዶ ሆኖ ኖሯል።

ማገዶው ከተራራው በራሱ አይወርድም። የሚያወርዱት ሴቶች ናቸው። ሸክሙን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። ቅርንጫፉና ቅጠሉ ተጠፍሮ ታስሮ ከሴትዮዋ ቁመት ይረዝማል። ክብደቱም አንዳንድ ጊዜ ከራሷ ክብደት አያንስም። ጎሕ ሲቀድ ወጥታ፣ ወገቧ ጎብጦ፣ ዓይኗ መሬት መሬት እያየ ቁልቁል ትወርዳለች። ከእነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ ኋላ ላይ በማኅበር ተደራጅተው፣ ሸክሙን ትተው ሸማ ወደ መሥራት ዞረዋል። ይህ ደግ ነገር ነው። ግን ሁሉም አልዞሩም።

ይህች ሴት ሕፃን ልጅ ቢኖራት ልጁ ከማን ጋር ይውላል? እንጨት ላይ ጨምራ ልታዝለው አትችልም። ከታላቅ እኅቱ ጋር ይውላል። ወይም ከጎረቤት ጋር ይውላል። ማታ እንጨቱ ሲሸጥ ዳቦው ይገዛል። እንግዲህ እሹሩሩ የሚለው ይህንኑ ነው። ዘፈኑ የተወለደው በጉለሌ ነው ማለታችን አይደለም። ገጠር ያለች እናትም አረም ላይ ትውላለች፤ ውኃ ልትቀዳ ትሄዳለች፤ ገበያ ትወጣለች። ይህን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

አሁን ደግሞ አበባየሆሽን እንመልከት። በመስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ እንግጫና አደይ አበባ ይዘው በየደጁ ይዘፍናሉ። እኛም አጨብጭበን ዳቦ ወይም ገንዘብ እንሰጣለን። ከስንኞቹ መካከል ግን እንጨት ሰብሮ ቤት ስለ መሥራት የሚያነሡ አሉ። ቤትም አጥርም አጥታ ሌሊቱን ከሰማይ በታች ስለምታነጋ ሰው የሚናገሩም አሉ። እንዴ! ይህ የደስታ ዘፈን አይደለም እንዴ? ነው እንጂ። ግን ደስታ ባለበት ቀን ችግርን ማንሣት የአገራችን ሰው ልማድ ነው። በሌላ ቀን ቢናገሩት ልመና ይሆናል። በበዓል ቀን በዜማ ሲሉት ግን ማንም አይቀየምም።

የጅቡም ነገር እንዲሁ ነው። አልተኛም ያለ ልጅ አያ ጅቦ መጣብህ ይባላል። ይህ ለከተማ ሰው ተረት ይመስላል። በእንጦጦ ደን ግን ጅብ አለ። ሌሊት ሌሊት ወደ መንደር ይወርዳል። መዝጊያው በሳሳ ቤት ውስጥ ለሚያድር ሰው ጅብ ተረት አልነበረም። ልጁን ጅብ አለ ብሎ ማስፈራራት ከአጥር ይቆጠር ነበር። እርግጥ ነው፣ ፈርቶ የተኛ ልጅ ደኅና እንቅልፍ አይተኛም፤ በዚህ ልማድ እኛ ብዙም አንስማማም። ነገር ግን ልማዱን ያመጣው ክፋት ሳይሆን እውነተኛ ፍርሃት መሆኑን ማወቅ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በልጆች ዘፈን ውስጥ ጨለማ ነገር አለ ሲባል፣ ሰው የሌለውንም መፈለግ ይጀምራል። በእንግሊዝ አገር የሆነውን እንንገራችሁ። እዚያ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው እየዞሩ ስለ ጽጌረዳ ይዘፍናሉ፤ በመጨረሻም ሁሉም መሬት ላይ ዱብ ይላሉ። ብዙ ሰዎች ይህ ዘፈን በ1665 ለንደንን ስለ ፈጀው ቸነፈር ይናገራል ይላሉ። መውደቁም የሞት ምልክት ነው ይላሉ። ወሬው በጣም ያምራል። ሆኖም አዮና ኦፒና ፒተር ኦፒ የተባሉ ባልና ሚስት የልጆችን ዘፈን በብርቱ ያጠኑ ነበሩ፤ በ1951ም ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። እነርሱ ይህን ትርጉም አልተቀበሉትም። ዘፈኑ በእንግሊዝ አገር በመጽሐፍ ታትሞ የተገኘው በ1881 ነው። ከቸነፈሩ እስከዚያ ድረስ ከ200 ዓመት በላይ ነው። የቸነፈሩ ትርጉምም የመጣው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። (እነዚህ ዓመቶችና ከዚህ በታች ያሉት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ የዘፈንን ትርጉም ስንፈልግ ከቃሉና ከኑሮው አንራቅ። እሹሩሩ እናት ከቤት እንደሌለች የሚናገረው በቃሉ ነው። እናት ከቤት የማትውልበትንም ምክንያት በዓይናችን እናየዋለን። ከዚያ ወዲያ የምንጨምረው የራሳችን ፈጠራ ነው።

ወደ ጉለሌ እንመለስ። በእንጦጦ መንገድ ላይ ሽሮ ሜዳ የሚባል ሠፈር አለ። የሽሮ ሜዳ ገበያ በሸማ የታወቀ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች መወርወሪያውን ሲወረውሩ ይውላሉ። ከዚያው አገር ያለ ወላጅ እየመጡ በሸማ ሥራ የሚደክሙ ሕፃናት መኖራቸውም ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እነዚያ ልጆች ማስተኛውን የሰሙት በእናታቸው ቋንቋ ነው፤ እናቲቱ ግን በብዙ ቀን መንገድ ርቃለች።

በዚሁ ሽሮ ሜዳ ሌሎችም እናት የሌላቸው ልጆች ነበሩ። ኤድስ ብዙ ሰው በገደለበት ዘመን አባትና እናታቸውን ያጡ ናቸው። ያን ጊዜ የበሽታው ስም በግልጽ አይጠራም ነበር። ሰዉ በሹክሹክታ ይነጋገራል። ለልጆቹም ወላጆቻቸው በምን እንደሞቱ የሚነግራቸው አይገኝም። ኤሪክ ጎትስማን የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ በ1999 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከእንዲህ ካሉ ልጆች ጋር ተዋወቀ። ልጆቹን አንሥቶ ብቻ አልሄደም። ካሜራውን ለእነርሱም ሰጠ፤ አሠራሩንም አስተማረ። ልጆቹ ተሰባስበው ለቡድናቸው ድንገት የፈኩ አበቦች የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጡ።

ምን አነሡ? ስለ ወላጆቻቸው የሚያስታውሱትን አነሡ። ሰው ከሞተ በኋላ ፎቶግራፍ ሊነሣ አይችልም። ስለዚህ ትዝታቸውን እንደ ቴአትር እየሠሩ፣ አንዱ እንደ አባት አንዱ እንደ ልጅ እየሆነ በካሜራ አስቀሩት። በ2006 ሥራቸው አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሚል ስም ለሕዝብ ታየ። ስሙ የቡናው ሦስት ዙር መሆኑን ሳንነግራችሁ ታውቃላችሁ። በአዳራሽ ተዘግቶ ሳይሆን ቡና እየተፈላ፣ ጎረቤት እየተጠራ ነው የታየው። በሹክሹክታ ይባል የነበረው በረከቦት ዙሪያ ተነገረ። በ2014 ሥራቸው በመጽሐፍ ታተመ።

እነዚህ ልጆች ዘፈን አላነሡም። ግን ሥራቸው ከእሹሩሩ በምን ይለያል? እነርሱም የሌለች እናት ይጠራሉ።

የጉለሌ ተማሪዎች፣ የእናንተም ልጆች፣ ካሜራ ወይም የስልክ ካሜራ ቢያገኙ የልጆችን ዘፈን በፎቶግራፍ ሊያሳዩ ይችላሉ። ነገሩ ቀላል አይደለም። ካሜራ የሚያሳየው ከፊቱ ያለውን ነው። እሹሩሩ የሚናገረው ግን ስለሌለች ሰው ነው። የሌለን ሰው እንዴት ያነሡታል?

ነገሩን አስበንበታል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባዶ አንቀልባ ይነሣ። ተመልካቹ ልጁ የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። ወይም እሳቱ የጠፋ ምድጃና አጠገቡ ያለ ባዶ በርጩማ ይነሣ። ወይም ወንድሟን ያዘለች ልጅ ከኋላዋ ትነሣ፤ ፊቷ ሳይታይ፣ የምታየው ወደ ተራራው መንገድ ሲሆን። የእንጨት ሸክሙንም ከትልቅ ሰው ቁመት ሳይሆን መሬት ላይ እንደተቀመጠ ሕፃን ከታች ወደ ላይ ቢያነሡት ሌላ ነገር ይመስላል። ከዚያ ቦታ ሲታይ እናት አትታይም። የሚመጣው ጫካ ነው።

የሚያለቅስ የተራበ ሕፃን ፊት አንሥቶ ማሳየትስ? ይህ የሁሉም ቀላሉ ነው፤ እኛም አንወደውም። ሕፃኑ እሺ አላለም። ነገ አድጎ ፎቶግራፉን ቢያየው ምን ይላል? እንጨት የተሸከመችን ሴት ማንሣት የሚፈልግ ተማሪም አስቀድሞ እሺታዋን ይጠይቅ። ሸክም ላይ ያለ ሰው እምቢ ብሎ ዞር ለማለት እንኳ አይመቸውም።

ፎቶግራፍ ማንበብም እንደ ፊደል ማንበብ ትምህርት ይጠይቃል። አንዳንዱ ሰው ፎቶግራፍ ሲያይ ያለውን ሰው ብቻ ይቆጥራል። ማን ነው የጎደለው? ብርሃኑ ከየት ይመጣል? አንሺው የቆመው የት ነው? እነዚህን እየጠየቁ የሚያዩ ከሆነ ፎቶግራፉ ይናገራል። ዘፈንም እንዲሁ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድም የዘፈን ስንኝ አልጻፍንም። ሆን ብለን ነው። እሹሩሩ በየአገሩ ይለያያል፤ በየቤቱም ይለያያል። ለባሏ መናገር ያልቻለችውን ለሕፃኗ የምታዜም እናት አለች። ስለ አማቷ፣ ስለ ጎተራው ባዶነት፣ ስለ ቀረ ወንድሟ የምታዜም አለች። እነዚህ ስንኞች በመጽሐፍ አይገኙም። ዜመኛዋ ስታልፍ አብረው ያልፋሉ። አሁን ግን እናንተ መጻፍ ችላችኋል። ደብተርና እርሳስ ይዞ ከአያት አጠገብ መቀመጥ አንድ ማታ ብቻ ይበቃዋል። አያት፣ ምን ይደረጋል ይህ፣ ብለው ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ። ሲስቁ ነው የሚያስታውሱት።

ለመወያያ፦ በእናንተ ቤት ሕፃን ሲያለቅስ ምን ይባላል? ቃሉን አንድ በአንድ ጻፉትና ለቡድናችሁ አንብቡ። በዘፈኑ ውስጥ ከቤት የጠፋ ሰው አለ? የት ሄዷል? ያ ዘፈን በአንድ ፎቶግራፍ ይታይ ቢባል፣ ከቤታችሁ ዕቃዎች የትኛውን ታስነሣላችሁ?