አሸዋን ለመግታት የተተከለው ዛፍ፦ የቻይናዋ ላንካዎ ወረዳ

በመካከለኛው ቻይና፣ በሄናን ክፍለ ሀገር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ላንካዎ የምትባል የገበሬዎች ወረዳ ትገኛለች። ምድሯ ተራራ የሌለበት፣ ዓይን እስኪታክት የተዘረጋ ሜዳ ነው። ይህን ሜዳ ደለል እያመጣ የሠራው ቢጫ ወንዝ ነው፤ ለዘመናት ያራቆተውም ያው ወንዝ ነው።

ከማሳ በላይ የሚፈስ ወንዝ

ቢጫ ወንዝ በሰሜን ምዕራብ የሚገኘውን ልል አፈር ያለበትን አምባ እያጠበ ይወርዳል። ቀደም ባሉት ዘመናት በዓመት 1.6 ቢሊዮን ቶን ያህል ደለል ይሸከም ነበር። ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ደለሉ ከሥር ይዘቅጣል። የወንዙ ወለል ከፍ ባለ ቁጥር ሰዎች የግራና የቀኙን ግድብ ያሳድጋሉ፤ በመጨረሻም ውኃው ከአካባቢው ማሳ ከፍ ብሎ መፍሰስ ይጀምራል። እንዲህ ያለ ወንዝ ግድቡን የጣሰ ዕለት ወደ ቀድሞ መንገዱ መመለስ ይከብደዋል።

እ.ኤ.አ. በ1855 ክረምት የሆነው ይኸው ነው። ወንዙ ዛሬ በላንካዎ ክልል ውስጥ በምትገኘው ቶንግዋሺያንግ ግድቡን ጥሶ ወጣ። ለ700 ዓመታት ገደማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ቢጫ ባሕር ሲፈስ የኖረው ውኃ ፊቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዙሮ በሻንዶንግ በኩል ወደ ቦሃይ ባሕር ገባ። ላንካዎም የወንዙ የመጨረሻ ታላቅ ጥምዝ የሚገኝባት ስፍራ ሆነች። ውኃው የተወው አሮጌ መንገድ ደግሞ ነፋስ የሚያንገላታው አሸዋ ሆኖ ቀረ።

ሦስቱ መቅሠፍቶች

የወረዳዋ ገበሬ ሦስት ጠላቶች ነበሩት፦ አሸዋ፣ ጎርፍና ጨው። በጸደይ ነፋስ የሚያነሣው አሸዋ የስንዴውን ቡቃያ ይቀብረዋል። በክረምትና በመከር የሚጥለው ዝናብ መውጫ አጥቶ ማሳው ላይ ይተኛል። ከመሬት በታች ያለው ውኃ ወደ ገጽ ሲቀርብ ደግሞ በአፈሩ ቀዳዳዎች ሽቅብ ይሳባል፤ ውኃው ሲተን የያዘውን ጨው ከላይ ጥሎ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1962 ሦስቱም በአንድነት ወረዱ። በዘመኑ በወጣው ዘገባ መሠረት አሸዋው 13,000 ሄክታር ገደማ ስንዴ አጠፋ፤ ጎርፉ ከ20,000 ሄክታር በላይ ሰብል አበላሸ፤ ጨው ያቃጠለው ቡቃያም 6,700 ሄክታር ያህል ነበር። ብዙ ቤተሰቦች በባቡር እየተሳፈሩ ለልመና ወደ ሌላ አገር ተሰደዱ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ጂያዎ ዩሉ የተባለ ሹም የወረዳዋ የኮሚኒስት ፓርቲ ሁለተኛ ጸሐፊ ሆኖ ተሾመ። እርሱና ባልደረቦቹ መንደር ለመንደር እየዞሩ 84 የነፋስ መግቢያዎችንና 1,600 የአሸዋ ክምሮችን መዘገቡ። መፍትሔውን ግን ከገበሬ ተማሩት። አንድ ሽማግሌ የእናቱን መቃብር ነፋስ እንዳይገልጠው ከሥር ቆፍሮ ባወጣው ሸክላማ አፈር ሸፍኖት ነበርና። የአሸዋው ክምር በዚሁ ዘዴ ተሸፈነ፤ በላዩም ዛፍ ተተከለ፤ ለጎርፉ የማፋሰሻ ቦይ ተቆፈረ። ጂያዎ በጉበት ካንሰር ታምሞ እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 1964 በ41 ዓመቱ አረፈ። ፓርቲው ስሙን በመላ አገሪቱ የአርአያነት ምልክት አደረገው፤ ሥራውን ለፍጻሜ ያደረሰው ግን ለዓመታት ሲቆፍርና ሲተክል የኖረው ሕዝብ ነው።

ፓውሎኒያ ለምን ተመረጠ?

ለተከላ የተመረጠው ፓውሎኒያ የተባለው ዛፍ በፍጥነት ያድጋል። አብዛኛው ሥሩ ከስንዴው ሥር በታች ጠልቆ ስለሚገባ ሰብሉን ውኃና ምግብ ብዙም አይሻማውም። በጸደይ ቅጠሉን ዘግይቶ የሚያወጣ በመሆኑም ስንዴው ፀሐይ አያጣም። ስለዚህ ዛፍና እህል በአንድ ማሳ አብረው ይኖራሉ፤ ዛፉ ነፋሱን ሲገታ እህሉ ይበቅላል።

ቀድሞ ለሣጥንና ለወናፍ መሥሪያ ይውል የነበረው ይህ እንጨት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሌላ ዋጋ አገኘ። ቀላልና በውስጡ ብዙ አየር የያዘ ስለሆነ የአውታርን ንዝረት አጉልቶ ያሰማል። ዛሬ በሹቻንግ መንደር ያሉ ቤተሰቦች ሳንቃውን ለፀሐይና ለዝናብ አስጥተው ካበሰሉት በኋላ ጉዠንግ፣ ጉቺንና ፒፓ የተባሉትን የቻይና ባለ አውታር መሣሪያዎች ይሠሩበታል።

አሸዋው ቢቆምም

የአሸዋው መገታት ረኀብን አራቀ እንጂ ድህነትን ወዲያው አላስወገደም። ላንካዎ እ.ኤ.አ. በ2002 በአገሪቱ ድሃ ወረዳዎች መዝገብ ውስጥ ነበረች። ከመዝገቡ የወጣችው በ2017 ነው፤ ይህም ጂያዎ ከሞተ ከ53 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። በእነዚያ ዓመታት ከእንጨት ሥራው ሌላ የኦቾሎኒ፣ የስኳር ድንችና የሐብሐብ ዘር የሆነው ጣፋጭ ሜሎን እርሻ ተስፋፋ፤ በ2016 ደግሞ ፈጣን ባቡር ወረዳዋን ከትልልቅ ከተሞች ጋር አገናኘ።

የላንካዎ ታሪክ የሚያስተምረው ይህንን ነው፦ የተራቆተ መሬት በአንድ ትውልድ ጉልበት ሊያገግም ይችላል፤ ያገገመው መሬት ለገበሬው ጥሪት እንዲሆን ግን ሙያ፣ ገበያና መንገድ ያስፈልጋሉ። አንዱን ዛፍ ከነፋስ መከላከያነት ወደ ሙዚቃ መሣሪያነት ያሸጋገሩት እነዚህ ናቸው።